በጥልፍ የተሸፈነው መሣሪያ

የአክስቴ የስፌት መኪና ድምፅ ይኸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ፔዳሉን ስትረግጠው መጀመሪያ እንደ መንተባተብ ይልና ኋላ ይንደረደራል። የሚያስፈራን ግን ድምፁ ሳይሆን መቋረጡ ነበር። መኪናው ድንገት ዝም ካለ፣ አክስቴ አንገቷን ወደ ውስጠኛው ክፍል አዙራ የልጇን ጉሮሮ እያዳመጠች ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ እኔም መርፌዬን አየር ላይ እንደያዝሁ እቀራለሁ። ከውስጥ ሳል ከተሰማ እፎይ እንላለን፤ የሚስል ሰው ይተነፍሳልና።

አክስቴ የተማሪዎችን የደንብ ልብስ እየሰፋች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሌ ከሞተ በኋላ እኔም እሷ ዘንድ ገባሁ፤ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እቀመቅማለሁ። ልጇ ሚጡ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ ሴት ነበረች፤ የሕፃንነት ስሟ ግን አልለቀቃትም። ከተወለደች ጀምሮ ጡንቻዎቿ አይታዘዟትም። ቀኝ እጇ ይሠራል፤ ንግግሯ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አእምሮዋ ግን እንደ ምላጭ የሰላ ነበር። ትልቁ ችግር ጉሮሮዋ ነው። ውሃ እንኳ መንገዱን ስቶ ወደ ሳምባዋ ይወርድባታል። ስለዚህ የምትጠጣው ሁሉ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ዱቄት ወፈር ተደርጎ በማንኪያ ይሰጣታል። ትን ሲላት ደግሞ ከወንበሯ አጠገብ የሚቀመጠው አክታና ምራቅ የሚስበው መሣሪያ ይነሣል።

የዱቄቱን፣ የመሣሪያውንና በምግብ ሰዓት የምትመጣውን ረዳት ወጪ የሚሸፍነው የመንግሥት የድጋፍ መርሐ ግብር ነበር። ረዳቷን ሰፈሩ ሁሉ «ጠበቃዋ» ይላታል፤ ከዘበኛ እስከ ሐኪም ያልተከራከረችው ሰው የለምና። ታዲያ አንድ ቀን ይህች ጠበቃ ዝም ብላ ገባች። ከረጢቷን ሳታወርድ፣ መርሐ ግብሩ የሚሸፍነውን ከማይሸፍነው ሊለይ መሆኑን ነገረችን። ከአካል ጉዳት የመጣውን ይዞ ይቀጥላል፤ ሕመም የሆነውን ለሆስፒታል፣ ቤተሰብ ሊሠራው የሚገባውን ለቤተሰብ ይተዋል። ሆስፒታሉ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣበት «ይህ የአካል ጉዳት ነው» እያለ መልሶ እንደሚልክ እሷው ታውቃለች። ሰውን እንደ ኳስ ይቀባበሉታል አለች።

አክስቴ ጥቂት አሰበችና፣ «ጉሮሮስ የማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እሱን ነው እንግዲህ የሚወስኑት፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲህ ፍርሃት እንደ ተከራይ ቤታችን ገብቶ ተቀመጠ። አክስቴ በሕይወቷ ተሳስታ የማታውቀውን መሳሳት ጀመረች፤ አንድ ጊዜ ሁለቱም እጅጌው የግራ የሆነ ሸሚዝ ሰፍታ አገኘኋት። ጠበቃዋ አይታ፣ «ይኼ ልጅ ቀኝ እጁን የት ሊያስቀምጠው ነው?» ብትል ማናችንም አልሳቅንም። ረዳቷ ብትቀር ሚጡን የሚያበላ ሰው ይጠፋል ወይ ትሉ ይሆናል። እኛ አለን። ነገር ግን እኛ ፍቅር እንጂ እጁ የለንም። ጭንቅላቷን በስንት ማዘንበል እንደሚገባ፣ ማንኪያው መቼ እንደሚቆም የምታውቀው ጠበቃዋ ናት፤ በእኛ እጅ ሚጡ ሁለት ጊዜ ሳምባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታለች።

ይህንን ለመለየት ከመርሐ ግብሩ የተላከች ገምጋሚ ትመጣለች የተባለ ዕለት አክስቴ ከማለዳ ጀምሮ ቤቱን ስታጥብና ስትወለውል አረፈደች። ለሚጡ አዲስ ቀሚስ አለበሰቻት፤ ከጎንና ከጎኗ ትራስ ሸጉጣ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት። መሣሪያውን ደግሞ ራሷ በጠለፈችው ጨርቅ ሸፈነችና ከላዩ የአበባ ማስቀመጫ አኖረችበት። ላየው ሰው ደስ የሚል ትንሽ ጠረጴዛ ሆነ።

ጠበቃዋ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። «እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«እንግዳ ነው የሚመጣው» አለች አክስቴ፤ «ገመናዬን አደባባይ አላሰጣም። አንቺም ምላስሽን ይዘሽ ወጥ ቤት ግቢልኝ።»

እሷም ገባች። አክስቴን መውቀስ አልችልም። እኛ ቤት ለእንግዳ «እንደምን ናችሁ?» የሚል ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ «ደህና ነን»። ሰው ስንቀብር እንኳ ያንኑ ብለናል።

ገምጋሚዋ ለስላሳ ድምፅ ያላት ወጣት ነበረች። አክስቴ ልጇ ልትሆን የምትችለውን ሴት «እርስዎ» እያለች ከሚጡ ጎን አስቀመጠቻት፤ ውሃ በብርጭቆ አቀረበችላት። ሴትዮዋ ቀመስ አድርጋ ብርጭቆውን በጥልፉ ላይ፣ ከአበባው አጠገብ አኖረችው። አክስቴ ደስ አላት መሰለኝ።

ጥያቄው ተጀመረ። ትበላለች ወይ? ትበላለች፣ ይመስገን። ትን ይላታል? መቼም ሰው ነች፣ አልፎ አልፎ። ሌሊትስ? ደህና ነን። እያንዳንዱ መልስ በእርጋታና በፈገግታ ይወጣል፤ ሴትዮዋም በእርጋታ ትጽፋለች። ብናገር አክስቴን ማዋረድ፣ ዝም ብል ሚጡን አሳልፎ መስጠት ሆነብኝ።

በመጨረሻ ገምጋሚዋ ፋይሏን አጠፈች። እንዲህ ደህና ከሆነች፣ ማብላቱን ቤተሰብ ሊሸከመው የሚችል ይመስለኛል አለች፤ ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ደስ የሚል ነገር የነገረችን መስሏታል። የአክስቴ ፈገግታ ከፊቷ ሳይወርድ ደርቆ ቀረ።

ያን ጊዜ ሚጡ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ከጥልፉ ላይ የእንግዳዋን ብርጭቆ አነሣች፤ እናቷን አየች፤ ጠጣች።

ዱቄት ያልገባበት ውሃ ለእሷ ምን እንደሆነ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ሳሉ ግን አልመጣም። ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። አክስቴ ጥልፉን በአንድ እጇ መነጨቀችው፤ አበባውና ማስቀመጫው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጠበቃዋ ከወጥ ቤት እየሮጠች ገብታ የሚጡን ራስ ወደ ፊት ደፋች፣ ቱቦውን ወደ አፏ አስገባች፤ መሣሪያው እየጮኸ መሳብ ጀመረ። ገምጋሚዋ ቆማ ፋይሏን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። እኔ «ሳል ይምጣ፣ ሳል ይምጣ» እያልሁ እለምን ነበር፤ ሰው ለሳል ሲለምን አይታችሁ አታውቁም።

ሳለች። ደጋግማ ሳለች። ቀለሟ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ጠበቃዋ አገጯን ስትጠርግላት፣ ሚጡ ገምጋሚዋን ቀና ብላ አየቻትና ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

«አሁን… ጻፊው።»

ሴትዮዋ ተቀመጠች። የጻፈችውን ሁሉ ሰረዘችና ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረች። አክስቴ ከልጇ እግር ሥር፣ ከስብርባሪው መካከል ተቀምጣ መለሰችላት፤ «እርስዎ» ማለቱም ቀረ።

«ትን ሳይላት አትበላም፣ ልጄ። ትበላለች ያልሁሽ ውሸት ነው። ሌሊት ሌሊት አንተኛም፤ ተራ ገብተን ትንፋሿን እንጠብቃለን። ስሰፋም የምሰፋው እየፈራሁ ነው። እንዲህ ነን።»

በሕይወቷ ለእንግዳ እንዲህ ብላ አታውቅም። አንገቷን የደፋችው ራቁቷን እንደ ቆመች ያህል ነበር።

ገምጋሚዋ ሁሉንም ጻፈች። ያየችውን እንዳየችው ታቀርባለች፤ የሚወስነው ግን እሷ ሳትሆን ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ወረቀት እንጂ ሰው አያይም አለች።

ጠበቃዋ ቱቦውን እንደያዘች፣ «ታዲያ ምን የሚሉ ይመስልሻል?» አለቻት።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር የነበረውን ስባሪ አነሣችና መሣሪያው ላይ፣ ብርጭቆዋን አኑራበት በነበረው ቦታ አስቀመጠችው። አክስቴ እንግዳ ሳትሸኝ የቀረችበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ የሚጡን እጅ እንደያዘች ከወለሉ አልተነሣችም። ገምጋሚዋም ፋይሏን አቅፋ፣ ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች።