የሰኞ ልጆችና የማክሰኞ ልጆች

ጆሃንስበርግ ውስጥ በመምህርነት ሥራ የጀመርኩ ቀን ማርከርም መጽሐፍም አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ የሙቀት መለኪያ ነው፤ ሽጉጥ የሚመስለው፣ ግንባር ላይ የሚደገነው። ርዕሰ መምህርቷ ሚስስ ማሴኮ በሩ ላይ አቁመውኝ «ሠላሳ ስምንት ከሞላ አታስገባ። ከዚያ በታች ከሆነ ቁጥሩን መዝግብ፣ እጃቸው ላይ ሳኒታይዘር አድርግና አስገባ» አሉኝ። የታሪክ መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ቀኔን ግንባር ስለካ ዋልኩ።

ከዚያ በፊት ሆሳዕና ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ደቡብ አፍሪካ ስገባ ግን ዲግሪዬን ማንም አልጠየቀኝም። ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር የአገሬ ሰው ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ ሸጥኩ። ለደንበኛ በዙሉ ቋንቋ «ሳውቦና» ብሎ ሰላምታ መስጠትን የለመድኩት እዚያ ነው። ዲግሪዬ በዚህ አገር ተመርምሮ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ብዙ ጠበቅኩ። ማረጋገጫው ከመጣ በኋላም ሥራ የለም። ኮሮና ሲመጣ ዮቪል ሰፈር ያለው የአንድ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ቤተሰቡን ሊጠይቅ ዚምባብዌ ሄዶ ሳለ ድንበር ተዘጋበት። እኔ በእሱ ቦታ ገባሁ። ድንበር ተዘግቶ የተጠቀምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በትምህርት ቤቱ ከላይ ርዕሰ መምህርቷ አሉ፤ ከሥራቸው የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ከዚያ ቋሚ መምህራን፣ ከዚያ የኮንትራት መምህራን። እኔ ውሉ በየተርሙ፣ በየሦስት ወሩ ገደማ፣ የሚታደስለት የኮንትራት መምህር ነበርኩ። ከእኔ በታች የነበረው የሙቀት መለኪያው ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪ ይቀየርለታል።

የስምንተኛ ክፍል ኃላፊ መምህር አደረጉኝ። ሠላሳ ስድስት ተማሪዎች ነበሩኝ። በአዲሱ ደንብ መሠረት በወንበርና በወንበር መካከል አንድ ሜትር ተኩል መራቅ ስላለበት ክፍሉ የሚይዘው አሥራ ስምንት ነው። ሚስስ ማሴኮ ቢሯቸው ጠርተውኝ «ክፍልህን ለሁለት ክፈለው። ምድብ ሀ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይመጣል። ምድብ ለ ማክሰኞና ሐሙስ» አሉኝ።

«በምን ልክፈለው?» አልኳቸው።

«ለሥራ በሚመች መንገድ» አሉ። ወረቀታቸውን እያገላበጡ ጨመሩበት፤ «የወረዳው ተቆጣጣሪዎች የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ወይም ረቡዕ ነው።»

ገባኝ። የተማሪዎቹን ፋይል አወጣሁ። ሃያ አንዱ የመታወቂያ ቁጥር አላቸው። የቀሩት አሥራ አምስቱ የኮንጎ፣ የዚምባብዌ፣ የናይጄሪያና የእኛ አገር ልጆች ናቸው፤ ወይ ቁጥር የላቸውም፣ ወይ የስደተኛ ወረቀታቸው ቀኑ አልፏል። የስደተኞች ቢሮው በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ወረቀቱ በመንግሥት ማስታወቂያ ይራዘማል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ግን ማስታወቂያ አይሰማም። ቁጥር ያላቸውን ሀ ውስጥ አስገባሁ፤ የሌላቸውን ለ ውስጥ። ለ ሦስት ሰው ጎደለው። ቁጥር ካላቸው ውስጥ በጣም የሚረብሹኝን ሦስት መርጬ ሞላሁት። በንጹሕ ተይቤ፣ ከታች «ሚስተር ኤርሲዶ» ብዬ ስሜን አድርጌ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ሚስስ ማሴኮ አይተው «ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘኝም።

በማግሥቱ ዓመት ልጆቹ ወደ ዘጠነኛ ሲያልፉ እኔም አብሬያቸው አለፍኩ፤ ዝርዝሩም አብሮን አለፈ። የታሪክ ዕቅዱ ላይ የአሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል የሚል ምዕራፍ አለ። ስድስት ክፍለ ጊዜ ተመድቦለታል። ምድብ ለ በሳምንት አንድ ቀን ስለሚያንሰው ለእሱ በአራት ጨረስኩት። እኩልነትን ለአንዱ ምድብ በስድስት፣ ለሌላው በአራት ክፍለ ጊዜ ማስተማሬ ያኔ አላሳቀኝም። የሰዓት እጥረት ነው ብዬ ዕቅዱ ላይ ጻፍኩ።

ትምህርቱ ጥሩ ሄደ ብዬ አምናለሁ። አላባማ ውስጥ ጥቁሮች አውቶቡስ ላይ ከኋላ ይቀመጡ እንደነበር፣ ነጭ ሲመጣ ለምን ከወንበራቸው እንደሚነሡ ነገርኳቸው። ማስክ ለብሼ ስለምናገር ግማሹ አይሰማም፤ ደግሜ እናገራለሁ።

ወደ ለ ካስገባኋቸው ሦስት ረባሾች አንዱ፣ ሲፖ፣ እጁን አወጣ። «ሰር፣ ከኋላ መቀመጥ ምን ችግር አለው? እዚህ ታክሲ ውስጥ ከፊት የተቀመጠ ነው የሁሉንም ሂሳብ የሚሰበስበው። እኔ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የምሮጠው።»

ክፍሉ ሳቀ። ሀያት ግን አልሳቀችም። ሀያት ትሮይቪል አካባቢ ሱቅ ያላቸው የስልጤው የአቶ ነስሩ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ደብተሯን በመስመር የምታሰምር። ወደ ሲፖ ዞራ «አንተ መርጠህ ነው የምትቀመጠው። ከኋላ ተቀመጥ ብለው ቢጽፉብህስ?» አለችው።

በልቤ ትምህርቱ ገባት አልኩ። ደስ አለኝ።

ለምዕራፉ ማጠቃለያ ለሁለቱም ምድብ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። በአካባቢያችሁ ሰውን ከሰው የሚለይ አንድ ደንብ ፈልጉ፤ አራት ጥያቄ መልሱ። ደንቡ ምንድን ነው? ማን ጻፈው? የተሰጠው ምክንያት ምንድን ነው? ማን ተጠቀመበት? ከሃያ ይታረማል።

ምድብ ሀ ስለ ሻይ ቤቱ ሰልፍ፣ ስለ ሴቶች ቀሚስ ርዝመት፣ ስለ መምህራን መጸዳጃ ቤት ጽፎ መጣ። ማክሰኞ የምድብ ለ ተራ ደረሰ። ሀያት ተነሥታ «ሰር፣ እኛ ባንድ ላይ ሠርተነዋል» አለችና ወረቀቷን አነበበች።

«ደንቡ፦ በሩ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር። ማን ጻፈው፦ ሚስተር ኤርሲዶ። የተሰጠው ምክንያት፦ ኮሮና። ማን ተጠቀመበት፦ በሳምንት ሦስት ቀን የሚማሩት።» ቀና ብላ አየችኝና ቀጠለች። «ለ ውስጥ ያለነው ወረቀት የሌለን ነን። ወረቀት ያላቸው ሦስት ልጆች አብረውን አሉ፤ እነሱ የሚረብሹ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ለምን እንዳደረጉት አላወቅንም።»

ሲፖ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ።

እኔ ምን አልኩ? «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» አልኩ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ያልኩት መልስ ሳጣ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት። ቤት ሄጄ ወረቀቱን ሳርም ከራሴ መመዘኛ ጋር አስተያየሁት። አራቱም ጥያቄ ተመልሷል፣ ማስረጃ አለ፣ ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ከሃያ ሃያ ሰጠሁና ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ረቡዕ ጠዋት መለኪያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ምድብ ለ መጣ። ቀናቸው አይደለም። ዩኒፎርም ለብሰዋል፣ ማስካቸው አፍንጫቸው ላይ ነው። ግቢ ውስጥ እንግባ አላሉም። ከአጥሩ ውጭ አንድ ሜትር ተኩል ተራርቀው ተሰለፉና የታሪክ ደብተራቸውን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። በዚያ ወረርሽኝ ውስጥ ደንቡን ሳይሸራርፍ ያከበረ ሰልፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደወል ሲደወል ወደየቤታቸው ሄዱ። ዓርብም መጡ።

ሚስስ ማሴኮ አስጠሩኝ።

«ምን አስተማርካቸው?»

«ዕቅዱ ላይ ያለውን።»

«ዕቅዱ የሚለው አሜሪካ ነው» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ በአፓርታይድ ዘመን የይለፍ ደብተሯን ሳትይዝ ከተማ መግባት አትችልም ነበር። ስለ ወረቀት አንተ አታስተምረኝም። እነዚህን ልጆች ያለ ቁጥር የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪው አሥራ አምስቱን ባንድ ቀን ቢያይ የሚያባርራቸው እኔን አስፈርሞ ነው። ደብቄ ነው የማስተምራቸው።» ቀጥለው ያዘዙኝ አጭር ነው፤ ምድቡ የተሠራው በፊደል ተራ ነው የሚል ደብዳቤ ለወላጆች እንድጽፍና እንድፈርም። የተርሙ መጨረሻ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ውሌ የሚታደስበት ጊዜ ነው። እሳቸው አላስታወሱኝም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቶ ነስሩ ሀያትን አስከትለው መጡ። በር ላይ ቆመን አወራን።

«መምህር፣ ይህች ልጅ አስቸገረችኝ» አሉ። «እኔ በዚያ ምድብ መሆኗን ወድጄዋለሁ። አትታይ። ወረቀታችን እስኪስተካከል ድረስ ሰው ዓይን ውስጥ መግባት ምን ይሠራልናል? እባክዎ ይምከሩልኝ።»

እኔ ላመጣው የነበረውን ምክንያት ሁሉ እሳቸው ጨረሱት። ለልጅቷ ልነግራት ያሰብኩትን ከአባቷ አፍ ስሰማው ግን ደስ አላለኝም።

ሀያት በአማርኛ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለችኝ። «የእርስዎ ወረቀት ቀኑ አላለፈም?»

አቶ ነስሩ «ሀያት!» አሉ።

«አልፏል» አልኳት።

«ታዲያ እርስዎ ለምንድን ነው ሰኞ የሚመጡት?»

አባቷ ይቅርታ ጠየቁኝና ይዘዋት ሄዱ። በራሴ ዝርዝር መሠረት እኔም ምድብ ለ ነበርኩ። ራሴን ያላስገባሁት ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ አዲስ ዝርዝር ነው፤ በእውነት በፊደል ተራ፣ አንዱን ወደ ሀ፣ ቀጣዩን ወደ ለ እያልኩ። ቀኑም እንዲዞር አደረግሁ፤ አንድ ሳምንት ሀ ሦስት ቀን፣ በሚቀጥለው ለ ሦስት ቀን። ሁለተኛው የወላጆች ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን ምድብ የሠራሁት በመታወቂያ ቁጥር እንደነበር፣ የሠራሁትም እኔ እንደሆንኩ፣ እንደቀየርኩት ጻፍኩ። የሚስስ ማሴኮን ስም አላነሣሁም። ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ዝርዝሩን ለጠፍኩ፤ ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ።

አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ረቡዕ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ደውለውልኛል» አሉ። ደብዳቤውን ግን ለጸሐፊዋ ሰጥተው አስባዙት።

ረቡዕ ክፍሌ ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ስምንት ልጆች ተቀምጠዋል፤ ሀያት ከፊት ናት። አቶ ነስሩ ሱቃቸውን ዘግተው ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ ሙቀቴን ቢለኩኝ አያስገቡኝም ነበር። ተቆጣጣሪው ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ነው። ገባ፣ ልጆቹን ሰላም አለ፣ ከኪሱ ሜትር አወጣ። በወንበሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። የሳኒታይዘሩን ጠርሙስ አንሥቶ ነቀነቀ። «ይህ ወንበር አሥር ሴንቲ ይቀረዋል» ብሎ ሀያትን ወደ ግራ እንድትጠጋ ጠየቃት። ተጠጋች። ቅጹን ፈረመና ሄደ። የልጆቹን ስም እንኳ አልጠየቀም። ዓመት ሙሉ የደበቅናቸው ከሜትር ነው።

ያን ጊዜ ሚስስ ማሴኮ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም ሌላ ቀን ሌላ ሰው ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለን፤ ያ ሳቃችንን አላስቀረውም።

ልጆቹ ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽም። ሲፖ ሀ ውስጥ በመግባቱ ከጓደኞቹ ተለየሁ ብሎ አኮረፈ። ሀያት ደግሞ በዕረፍት ሰዓት መጥታ «ሰር፣ የፊደል ተራው ላይ ስህተት አለ፤ ሁለት ስም ቦታ ተለዋውጧል» አለችኝ። አየሁት። ልክ ነበረች። አስተካከልኩት።

ውሌ ታደሰ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሚስስ ማሴኮ ታሪኩን ለሌላ መምህር ሰጡና እኔን ጂኦግራፊ አስተምር አሉኝ። «ተራራና ወንዝ ጥሩ ነው፤ ማንም በር ላይ አይሰለፍም» አሉ። ሦስት ዓመት ተራራና ወንዝ አስተማርኩ። ታሪክ የመለሱልኝ የትምህርት ቤቱን ሥራ ሊያስረክቡ ሲሉ ነው። የአቶ ነስሩ ቤተሰብ ወረቀት ቢሮው ተከፍቶ ከታደሰ ቆይቷል። የእኔም ታድሷል፤ እንደገናም አልፏል።

አሁን ሥራ ለምትጀምሩ መምህራን የምለው አንድ ነገር ነው። ዝርዝር ትጽፋላችሁ፤ በዚህ ሙያ ከማስተማር ይልቅ ዝርዝር መጻፍ ይበዛል። ተማሪ ስትከፍሉ በምን እንደከፈላችሁት ከዝርዝሩ በታች ጻፉት። ለመጻፍ ካፈራችሁ ዝርዝሩን ቀይሩ።