አባ ኮዳ አሥራ አራት፣ ከብት ስድስት

የምሠራበት የግል ድርጅት ከጫሞ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ አለችው። ስሙን አልጠራም። ጥጥ ላይ መድኃኒት የምትረጭ አንዲት አውሮፕላን ትኖርባታለች፤ አልፎ አልፎም ቱሪስት የጫነች ሌላ ታርፍባታለች። እኔ የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ በሚኒባስ፣ ከሲቀላ በድርጅቱ ፒክአፕ የሙዙን እርሻ አልፌ አንድ ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ጋ እደርሳለሁ።

አውሮፕላኗ ከመነሣቷ በፊት ዘበኛችን ማኮብኮቢያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ያስሳሉ። የጋሞ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጴንጤ፤ ለራሳቸው እያዜሙ ነው የሚሄዱት። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። ሲመለሱ መስኮቴ ላይ ቆመው ያዩትን ይነግሩኛል፣ እኔ ቅጹ ላይ እሞላለሁ፣ ሁለታችንም እንፈርማለን።

«ልጄ፣ ጻፍ። አባ ኮዳ አሥራ አራት። ከብት ስድስት። በሰሜን በኩል አጥሩ ሞቷል።»

ሴት ብሆንም «ጻፍ» ነው የሚሉኝ፤ አማርኛቸው እንደዚያ ነው፣ ለምጄዋለሁ። አባ ኮዳ ያ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ ነው። ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን ሆድቃ ለመልቀም ሐይቁ ዳር እንደ ዕድርተኛ ተሰልፎ ይውላል። አንዱ እንኳ ከአውሮፕላን ጋር ቢጋጭ አብራሪው ላይ የሚመጣውን ማሰብ አልፈልግም። አብራሪውም ያውቀዋል፤ ቅጹን ሳያነብ ሞተር አያስነሣም። «ዛሬስ ስንት ናቸው?» ይለኛል፣ አባባ በዱላቸው አባርረው እስኪጨርሱም ይጠብቃል።

የማወራችሁ ነገር የሆነው አምና በሁዳዴ ነው። አገሬ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። የእናቴ ዓይን ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄዶ አሁን ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ድርጅቱ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ስላለው ዝውውር ጠየቅኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ፈቀደ። የቀረው የሥራ አስኪያጃችን ፊርማ ብቻ ነበር፤ ደብዳቤውም መሳቢያው ውስጥ ነበር። እናቴ ለፋሲካ እንደምደርስ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። የበረራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይመጣል ይላል። ሃያ ቀን ቀድሞ! ሌባ ቤት የሚሄድ ፖሊስ ሃያ ቀን ቀድሞ «እመጣለሁ» ይላል እንዴ? ግቢው ተተራመሰ። በማኮብኮቢያው ዳር ያሉት ድንጋዮች ኖራ ተቀቡ። የንፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው የተቀደደ ከረጢት በአዲስ ተቀየረ። እሳት ማጥፊያው ጊዜው ያለፈበት ስለነበር ሴቻ ካለ አንድ ሆቴል ሁለት ተውሰው አመጡ፤ የሆቴሉ ስም ያለበት በኩል ወደ ግድግዳ ዞረ። የሰሜኑ አጥር ግን እንደተከፈተ ነው። አጥር ማጠር ከኖራ መቀባት ይከብዳላ!

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ።

«እህቴ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል። የሦስት ወሩን ቅጽ በንጹሕ ወረቀት ገልብጪው።»

«እንዳለ ነው፣ ጋሼ?»

«እንዳለማ ከሆነ ምን ያስገለብጥሻል? ወፉን ተይው። ከብቱንም። ‹ንጹሕ› በይ።»

«ወፉ እኮ ነበረ።»

«ነበረ፣ በረረ። አሁን የት አለ?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ መሳቢያውን ጎተት አድርጎ ደብዳቤዬን አሳየኝ። «ፍተሻው እንዳለቀ እፈርምልሻለሁ። ለፋሲካ እናትሽ ዘንድ ነሽ። የድሮዎቹን አቃጥያቸው።»

ገለበጥኩ። ተገድጄ ነው አልልም፤ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። በየጠዋቱ «ልቤን ንጹሕ አድርግልኝ» ብዬ የምጸልይበትን «ንጹሕ» የሚል ቃል ቤቴ ተቀምጬ በየወረቀቱ ላይ ጻፍኩት። የአባባ ስም ባለበት ቦታ ላይም ሥራ አስኪያጁ ራሱ ፈረመላቸው። የድሮዎቹን ማቃጠል ግን አልሆነልኝም። ክብሪቱን ይዤ ቆሜ ሳለ የእሳቸው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ አሥራ አራት፣ ስድስት እያለ። በፌስታል ጠቅልዬ ከጸሎት መጽሐፌ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

የፍተሻው ቀን ደረሰ። እንግዳን ያለ ምሳ መሸኘት እዚህ ነውር ነው፤ ጾም ሆነና ፍየል ማረድ አልተቻለም። ሥራ አስኪያጁ «ዓሣ ጾም ነው» ብሎ ወሰነና ከጫሞ በፒክአፕ ዓሣ አስመጣ። ውኃ ያለው ለእሳት በተቀመጠው ታንከር ብቻ ነው፣ ታንከሩ ደግሞ ያለው ማኮብኮቢያው ሰሜን ጫፍ ላይ ነው። ምሳ ሊሠሩ የተጠሩት ሴቶች ዓሣውን እዚያው አጠቡ፣ ሆድቃውንም እዚያው ደፉ።

አውሮፕላኗ ጠዋት ቅጹ ተነቦ ለርጭት ስለሄደች፣ አባባ ከማረፏ በፊት ዳግም አስሰው መስኮቴ ላይ መጡ።

«ልጄ፣ ጻፍ። አባ ኮዳ ሠላሳ ሁለት።»

«ለጋሼ ነገሯቸው?»

«ነገርኩ። ዛሬ ስለ ወፍ አታውራ አለኝ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተ ዓሣ ጾም ነው አይደለም እያላችሁ ተጣሉ። አባ ኮዳ ግን በላ።»

ሠላሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ኪሱ ከተተው።

ሁሉም «ኢንጂነር» የሚሉት ተቆጣጣሪ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ በሚመለሰው አውሮፕላን መሄድ ስላለበት ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ያያል። ማኮብኮቢያውን ለምሳው ከተተከለው ዳስ ጥላ ሥር ሆኖ ተመለከተው። የእሳት ማጥፊያውን ቀን አንብቦ ምልክት አደረገ፤ ዞር አድርጎ አላየውም። ቅጾቼን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «እንዲህ ያለ አያያዝ በየቦታው አይገኝም» አለኝ። ፊቴ ነደደ። ያየው ፊርማ መኖሩን ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሐይቅ ዳር ባለ ማኮብኮቢያ ላይ አንድ ወፍ አለመታየቱ አላስገረመውም።

ምሳው እንደቀረበ አውሮፕላኗ ከርጭት ተመለሰች። ልታርፍ ዝቅ ስትል ከታንከሩ አጠገብ አባ ኮዳዎቹ በአንዴ ግር ብለው ተነሡ። ሞተሯ ጮኸ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ከላያችን አልፋ ወደ ሐይቁ ሄደች። እኔ አማተብኩ። አባባ ዱላቸውን ይዘው ሮጡ፣ ፒክአፑም ጡሩምባ እየነፋ ተከተላቸው። ያረፈችው በሦስተኛው ሙከራ ነው። አብራሪው ላብ እንዳጠመቀው መጥቶ «ከሄድኩ በኋላ የተሞላው ቅጽ የታለ?» አለኝ። ሥራ አስኪያጁን አየሁት፤ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

ኢንጂነሩ ዓሣውን እንደያዘ «ወረቀቱ ወፍ የለም ይላል እኮ» አለ።

«ዛሬ ገና መምጣታቸው ነው ኢንጂነር። እነሱም እንደርስዎ እንግዳ ናቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ኢንጂነሩ ሳቀ። አብራሪው ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ቆሞ፣ እሱ ሳቀ! ያ ሳቅ ነው ከመቀመጫዬ ያስነሣኝ። ቦርሳዬን አምጥቼ ፌስታሉን ከዓሣው አጠገብ አስቀመጥኩ።

«እውነተኞቹ እነዚህ ናቸው። እነዚያ ሐሰት ናቸው፤ የጻፍኳቸውም እኔ ነኝ።»

ኢንጂነሩ እጁን ታጠበና አነበበ። ያን ቀን አልተመለሰም፤ ማኮብኮቢያውን ከአባባ ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ሄደ፣ ሲመለስ ጫማው አቧራ ለብሶ ነበር። አጥሩ እስኪታጠር በረራ እንዲቆም ጻፈ። ሊሄድ ሲል «ቀድመሽ ብትነግሪን ጥሩ ነበር» አለኝ።

«ደብዳቤ ሳትልኩ ብትመጡ ኖሮስ፣ ኢንጂነር?»

«ፕሮግራም አለ» አለ፣ ወደ መኪናው እያየ።

አጥሩ ታጠረ፣ ታንከሩም ቦታ ተቀየረለት። ሥራ አስኪያጁ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። ለመጣ ለሄደው «ጉድ የሠራን ዓሣው ነው፤ በሚቀጥለው ምስር እናበላቸዋለን» ይላል፣ ሰዉም ይስቃል። ያንን ሳቅ ለነፍስ አባቴ ስናገር እንኳ ድምፄ ከፍ አለ። የራሴን ጥፋት ተናዝዣለሁ። የሱን ማን ይናዘዝለት?

ፋሲካ አለፈ። እናቴ በስልክ «ደብዳቤው ተፈረመ?» ትለኛለች። «ገና ነው፣ እማዬ» እላታለሁ። ድምፄን ለይታ ሌላ ወሬ ትጀምራለች።

በዚህ ሳምንት የዘንድሮው ፍተሻ ደብዳቤ ደርሷል፤ ቀኑም ሰዓቱም ተጽፎበታል። መዝግቤ ስወስድለት ሥራ አስኪያጁ እያየሁት መሳቢያውን ከፈተና ከኔ ደብዳቤ ላይ ደረበው። «ጽሕፈትሽ እንዳማረ ነው አይደል?» አለኝ።

«እንዳማረ ነው፣ ጋሼ» ብዬው ወጣሁ። አባባ መስኮቴ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አባ ኮዳ ሁለት፣ ከብት የለም። የሆነውን ጻፍኩ፤ ሁለታችንም ፈረምን።