ስሙ የአልጋነሽ፣ አልጋው የሩቂያ

ዲላ መናኸሪያ አካባቢ «የአልጋነሽ ቤት የት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መንገዱን የማያሳይ የባጃጅ ሹፌር አልነበረም። ቆጮ ሻጭ ስለሆነች አይደለም፤ ቆጮ የሚሸጥማ ሞልቷል። አልጋነሽ የምትታወቀው በክረምቷ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ውሎ ማደር ሲጀምርና ብርዱ ሰውን ኩርምት ሲያደርገው፣ በየሱቁ በረንዳ ሲያድር የከረመው ሁሉ የእሷን ጓሮ ፍለጋ ይመጣል።

ጓሮዋ ውስጥ ያለውን መጋዘን የሠራው ሟች ባሏ ታሪኩ ነው። ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ይነግድ ስለነበር እዚያ ያከማች ነበር። እሱ ሲሞት መጋዘኑ ባዶውን ቀረ። በዚያው ዓመት ክረምት አልጋነሽ ከገበያ ስትመለስ፣ ከአጥሯ ሥር ባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ አጠገብ አንድ ሰው ወድቆ አገኘች። ጎሹ ይባላል። ጫኝና አውራጅ ነበር፤ የቡና ጆንያ እንደተሸከመ ከመኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ከተሰበረ ወዲህ ሥራም ቤትም አልነበረውም። ደግፋ አስገባችው፤ እሳት አነደደችለት፤ መጋዘኑ ውስጥ ሰሌን አነጠፈችለት። በማግስቱ ጎሹ እንደሱ መጠጊያ ያጣ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ጓደኛውም ሌላ አመጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ የታሪኩ መጋዘን የብርድ መሸሺያ ሆነ።

አልጋነሽ ይህን ሥራዋን ትወደው ነበር። ሲመሻሽ ትልቁን የአጥሚት ድስት ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። እያንዳንዱ ሲገባ ትከሻዋን ይስማል። «ዕድሜ ይስጥሽ!» «ልጅሽን ይባርክልሽ!» ይላታል። እሷም አንዱን ትቆጣለች፣ አንዱን ታሾፍበታለች፣ ሁሉንም አስቀምጣ ረጅም ጸሎት ታደርጋለች። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ደግሞ የጎሹን ታሪክ ትነግረዋለች።

«ይሄን ሰውዬ አየኸው? ከቦይ ያነሳሁት እኔ ነኝ! አሁን እይው እንግዲህ፣ ሰው መስሎ!»

ጎሹ አንገቱን ይደፋል። ዓይን አፋር ነው ትል ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ስለ ደግነት ባስተማረ ቁጥር ምእመኑ ዘወር እያለ ያያታል። ከዲላ አልፎ ጨለለቅቱ ድረስ ስሟ ይነሳ ነበር። ልጇ ኤልቤቴል አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿ «የአልጋነሽ ልጅ» ነበር የሚሏት። እንዲህ እየሆነ ክረምቶች አለፉ።

ከዋናው መንገድ ማዶ ሩቂያ የምትባል ነጋዴ አለች። አያቶቿ ከቡታጅራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ብርድ ልብስና መጋረጃ ትሸጣለች። ከአልጋነሽ ጋር በለቅሶም በሠርግም የሚገናኙ፣ ሰላምታ የማያጓድሉ ጎረቤታሞች ነበሩ። የሩቂያ ባል ሙሐሲን የቡና መጋዘኑን ወደ ከተማው መውጫ ሲያዛውር አሮጌው ባዶ ሆነ። ሩቂያ ለማንም ሳታወራ አስጸዳችው፣ ወለሉን ሲሚንቶ አስደረገችው፣ ተደራራቢ የብረት አልጋ አስገባች፣ ከሱቋ ፍራሽና ብርድ ልብስ አወጣች፣ መታጠቢያ ቤት በሙቅ ውኃ አሠራች። ክረምቱ ሲገባ አዳራሹን መጠጊያ ላጡ ሰዎች ወለል አድርጋ ከፈተችው።

አልጋነሽ ወሬውን የሰማችው ገበያ ነው። ቅቤ ሻጯ ማንጠግቦሽ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

«ሰማሽ አይደል?» አለቻት ቅቤዋን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች። «ዘንድሮስ ስሙ የአልጋነሽ፣ አልጋው የሩቂያ ሆኗል!»

በዙሪያው ያሉት ሴቶች ሳቁ። አልጋነሽም አብራ ሳቀች። ቅቤዋን ተቀብላ ግን ቶሎ ከዚያ ሄደች።

ያን ዕለት ማታ እንደወትሮው አጥሚቱን ይዛ ቆመች። የመጡት ጥቂት ናቸው። በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ ከዚያም አነሱ። አንድ ምሽት ጭራሽ የሚመጣ ጠፋ፤ ጎሹም ቀረ። አጥሚቱ ቀዝቅዞ ግግር ብሎ ቆዳ አበጀ።

«እማዬ፣» አለች ኤልቤቴል ከኋላዋ መጥታ፣ «ደስ አይልሽም? ብርድ ላይ ያደረ ሰው የለም ማለት እኮ ነው።»

«ደስ ብሎኛል እንጂ፣ ምን ያስከፋኛል!» አለችና የድስቱን ክዳን ጓ አድርጋ ከደነችው።

ከዚያ በኋላ ቅናት ያንገበግባት ጀመር። እህል ልታስፈጭ የምትሄድ መስላ በሩቂያ አዳራሽ በር ታልፋለች። ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ባለአበባ ብርድ ልብሶች አጥር ላይ ተሰጥተው ታያለች። የሳሙና ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። «ሳሳ ያለ ብርድ ልብስ ነው፤ ደግሞ ብረት አልጋ ለወገብ ምን ይበጃል?» ትላለች ለራሷ። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለተሰበሰቡት ሴቶችም «ነጋዴ በከንቱ በር አይከፍትም፤ ቆይታችሁ ታያላችሁ» አለች።  አንዷ «ይሁን እስቲ፣ ለድሆቹ እስከጠቀመ» ብላ ዣንጥላዋን ዘረጋች።

አንድ ቀን ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው አልጋነሽ ቆጮ እየከተፈች ነበር። ድንገት በልቧ «የዚያች ሴትዮ ጣሪያ በፈሰሰ!» አለች። ወዲያው ደነገጠች። ቢላዋውን አስቀምጣ «ይቅር በለኝ ጌታዬ» አለች። ግን ዝናቡ እንደገና ሲበረታ ጆሮዋ ያው ወደዚያው ወደ መንገዱ ማዶ ነው።

የቀበሌው ሰዎች ለሩቂያ ምስጋና አዘጋጅተው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። መቅረት አይቻልም፤ ከቀረች ቀናች ይባላል። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሩቂያ እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታለች። ከሚያድሩት ሰዎች አንዱ ይናገር ሲባል የተነሳው ጎሹ ነው። ጢሙን ተላጭቷል፤ የታጠበ ኮት ለብሷል።

«እኔ ወገቤን ከተሰበርኩ ወዲህ፣» አለ፣ «እንደዚህ ክረምት እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። እትዬ ሩቂያን አላህ ይስጥልን።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የአልጋነሽ ፊት በርበሬ እንደተቀባ ሰው ፊት ነደደ። የእሷን ስም አንድም ሰው አላነሳም! ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ አጥሚት! ሻዩ እስኪቀርብ አልጠበቀችም። ቤቷ ገብታ የጓሮውን መጋዘን በቁልፍ ከረቸመችው።

ማግስቱን መናኸሪያ ሄደች። ጎሹ ቀን ቀን የመንገደኛ ዕቃ ይጠብቃል። ስታየው እሱም አያት፤ ከተቀመጠበት ዱላውን ተደግፎ ተነሳ።

«ጎሹ፣ ምን በደልኩህ?» አለችው ያለ ሰላምታ።

«እኔን? ኧረ ምንም አልበደልሽኝም እትዬ።»

«ታዲያ እዚያ ምን አገኘህ? ፍራሽ ነው? ለፍራሽ ብለህ ነው በሰው ፊት ያዋረድከኝ?»

ጎሹ አንድ አውቶብስ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ፍራሹስ ጥሩ ነው፤ ምን ልዋሽሽ። ግን ፍራሹ አይደለም። እትዬ ሩቂያ ስሜን እንኳ በቅጡ አታውቀውም፤ አንዳንዴ ‹ጋሹ› ትለኛለች።» ፈገግ አለ። «አንቺ ጋ የማያውቀኝ የለም። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ከቦይ ታወጪኛለሽ። እኔ እኮ ጆንያ ተሸክሜ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ወድቄ አነሳሽኝ፤ ውለታሽን አልረሳሁም፣ አልረሳምም። ግን እትዬ አልጋነሽ፣ በየማታው ከቦይ መውጣት ይደክማል።»

አልጋነሽ «ውለታ ቢስ!» ብላ ፊቷን አዞረችበት። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ቃል እያነበነበች ሄደች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ቃሉ አፏ ላይ ጣዕም አጣ። ኤልቤቴልን ጠርታ፣

«የጎሹን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«እማዬ፣ እኔ ራሴ በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ» አለች ልጅቷ።

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ስታወሪ ደስ ስለሚልሽ።»

አልጋነሽ ተከፋች፤ ልጇንም ለጊዜው አኮረፈቻት።

ከዚያ ሳምንት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ እየጣለ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሩቂያ ናት። ሻሿ በስብሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«ግቢ እንጂ» አለቻት አልጋነሽ። ልቧ ግን የአዳራሹ ጣሪያ ፈስሶ ይሆን እያለ ይጠይቃል።

ሩቂያ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አልጋነሽ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት። አዳራሹ ሞላ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ መግባት ፈሩ፤ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቁጭ ብለው የሚያነጉ አሉ። ሴቶቹን አንቺ ብትቀበይልኝ...»

«እህ!» አለች አልጋነሽ። ለስንት ጊዜ ያጠራቀመችው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ሲጠብሽ ጊዜ አልጋነሽ ትዝ አለችሽ! ምስጋናው አንቺ ጋ፣ ትርፍራፊው እኔ ጋ?»

ሩቂያ አልተቆጣችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ መሬት መሬት አየች።

«እኔ ሱቅ ነው የማውቀው። ቤት አበጀሁ፣ አልጋ ዘረጋሁ፤ ሰው መያዝ ግን አልቻልኩበትም። ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ምን እንደሚያመው አላውቅም። ጎሹ ነው የመከረኝ። ‹ሴቶቹ ወደ እትዬ አልጋነሽ ይሂዱ፤ እሷ ባለችበት ማንም ክፉ ሰው ቀና ብሎ አያያቸውም› አለኝ።»

«ጎሹ? ጎሹ ነው ያለሽ?»

«አዎ።»

አልጋነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ደጅ ላይ ባጃጅ ቆሟል። የኋላው ሸራ ተገልጦ አንዲት ለጋ ሴት ጥቅልል ነገር አቅፋ ትታያለች።

«አምጥተሻታል እንዴ?»

«መነን ትባላለች፤ ከኮቸሬ ነው የመጣችው። አራስ ናት። እምቢ ብትዪኝ ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም ነበር።»

አልጋነሽ ቁልፏን ከጡቷ ሥር ካለው መሐረብ ፈታች። ዣንጥላም አልያዘችም። ባጃጁ ጋ ደርሳ ሕፃኗን ስትቀበል መጀመሪያ ያየችው ነገር ያ ወይን ጠጅ ባለአበባ ብርድ ልብስ ነው። ሕፃኗ በሱ ተጠቅልላለች።

«እማማ፣» አለች መነን፣ አማርኛዋ ገና ነው፣ «ልጄ በረደው።»

«አሁን ይሞቃታል፤ ግቢ አንቺ።»

መጋዘኑን ከፈተች፣ ሰሌኑን ዘረጋች፣ እሳት አያያዘች። ቀጥሎ ከሳጥኗ ሥር ለክብረ በዓል ያስቀመጠችውን ድርብ ጋቢ አወጣች። ሕፃኗን ከብርድ ልብሱ ፈትታ በጋቢው ጠቀለለቻት። ብርድ ልብሱን አራት ቦታ አጥፋ ለሩቂያ ሰጠቻት።

«ይሄን ውሰጂ። እኛ ጋ ጋቢ አለ።»

ሩቂያ ብርድ ልብሱን አየች፤ እሷን አየች። የገባት ይመስላል። ብብቷ ሥር ሸጉጣው ወጣች።

በዚያን ቀን አመሻሽ ሌሎቹም ሴቶች መጡ። አጥሚቱን እየቀዳች ሳለ አንዷ ወደ መነን እያመለከተች «ይቺ አራስ ደግሞ ከየት መጣች?» ብላ ጠየቀች። አልጋነሽ አፏን ከፈተች። ሙሉው ታሪክ ምላሷ ላይ ነበር፤ ዶፉ፣ ባጃጁ፣ ጋቢው። ጥርሷን ነከሰች።

«ራሷ ከፈለገች ትነግርሻለች» አለችና ወደሚቀጥለው ኩባያ አለፈች። ኤልቤቴል በር ላይ ሆና ይህን ሰማች፤ ቀረብ ብላ ኩባያ ታቀብላት ጀመር።

እንዲህ ሆኖ ወንዶቹ ከመንገዱ ማዶ፣ ሴቶቹ ከወዲህ ሆኑ። ደግሞ ቅናቱ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ሩቂያ ለሴቶቹ አልጋ ልስጥ ብትል አልጋነሽ አሻፈረኝ ብላ በራሷ አናጢ የባሕር ዛፍ አልጋ አሠራች። ሩቂያ ማታ ማታ ሾርባ ማቅረብ ስትጀምር አልጋነሽ አጥሚቱ ላይ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ጨመረች። ሩቂያ ዶክተር አስመጥታ አሳየች ተብሎ ሲወራ፣ አልጋነሽ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሷን እጇን ይዛ አመጣቻት። ማንጠግቦሽ በዚህም ቀልዳ አልጠገበችም። ያደሩት ሰዎች ግን አልተጎዱም።

ጎሹን መንገድ ላይ ስታገኘው መጀመሪያ ሰላምታውን ከጫፍ ነበር የምትመልሰው። ኋላ ኋላ ቆም ብላ ስለ ልጆቹ ትጠይቀው ጀመር። ስለ እነሱ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠይቃው አታውቅም ነበር። አንዱ ዱመርሶ በሚባል ቦታ ባለ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ይሠራል፤ ሌላዋ ሐዋሳ አግብታለች።

መነን በሚቀጥለው ክረምትም እዚያው ነበረች፤ አልጋነሽን በቆጮው ሥራ ታግዛለች። ሕፃኗን ኤልቤቴል ሀሴት አለቻት፤ እሷም ቆማ መሄድ ጀመረች። አንድ እሑድ ሩቂያ ልትጠይቃቸው መጣች። ሀሴት የአልጋነሽን ቀሚስ ይዛ ቆማ ነበር፤ ሩቂያን ስታይ ቀሚሱን ለቃ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ እየተንገዳገደች ወደ እሷ ሄደች። ሩቂያ ብድግ አድርጋ ሳመቻት።

አልጋነሽን እንደ ጋሬጣ የሆነ ነገር ወጋት። ኤልቤቴል ፊቷን አይታ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ፣

«አሁንም ትቀኛለሽ እንዴ እማዬ?»

«እቀናለሁ እንጂ፣ ምን ታደርጊኛለሽ!» አለች አልጋነሽ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሩቂያ፣ ልጅቷን ይዘሽ ግቢ፤ ዝናቡ መጣ» ብላ የተሰጣውን ልብስ ልታነሳ ወደ ጓሮ ሮጠች።