ያልተነካው ማሸጊያ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ነሐሴም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ አውሎ ነፋሱ ያለፈ ሰሞን ነበር፤ የሻም ሹይ ፖ መንገዶች ገና አልደረቁም።

ላው ሱክዪን እዚያ ሰፈር፣ የኤሌክትሮኒክስ ገበያው ፎቅ ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የቪዲዮ ጌም ሸጣለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ የእሷን ሱቅ አዘወትር ነበር። ዋጋዋን እንደ ዓሣ ሻጭ በየማለዳው ትቀይራለች። የማትቀይረው ቃሏን ነው፦ «ተጫውታችሁ ስትጨርሱ አምጡልኝ፣ በግማሽ ዋጋ እወስደዋለሁ።» ሰው ሌላውን ሱቅ ሁሉ አልፎ እሷ ዘንድ የሚመጣው ለዚህ ነበር። አዲስ ሳጥን ግን ራሷም አትከፍትም፤ ማሸጊያው የተነካ ዕቃ ይረክሳል። አንድ ቀን ላስቲኩን በጥፍሬ ስነካካ፣ «እጅህን ሰብስብ!» ብላኛለች።

አውሎ ነፋሱ ባለፈ ሰሞን እኔ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አጎቴ» የሚላቸው ታክሲ ነጂው ክዋይ ከሳምንት በፊት የገዙትን አዲስ ጨዋታ መልሰው አመጡ። ሳጥኑን ከፈተችው። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ። ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ መታችው።

«አጎቴ፣ ጨዋታው ያለበትን ካርድ ማሽንዎ ውስጥ ረስተውታል።»

«የምን ካርድ? ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አስገባሁ፣ ጨዋታው በኢንተርኔት ወረደልኝ።»

«ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሠራል?»

«አንዴ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ከእርስዎ ምን ልግዛ?»

«ዓሣውን በልቼ አጥንቱን አመጣሁልሻ!» ብለው ሳቁ።

ሱክዪን አልሳቀችም። ከመደርደሪያው አዲስ ሳጥን አወረደች፣ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ወረቀት። ሌላ ቀደደች። ወረቀት። ሳጥኑ ጀርባ ላይ፣ ከታች፣ ውስጡ ካርድ ሳይሆን ቁጥር ብቻ እንዳለ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ማን ያነበዋል?

«ስልሳ ሰው» አለች ፊቷ አመድ መስሎ። «ይህንኑ ለስልሳ ሰው ሸጬ፣ መልሳችሁ አምጡልኝ ብያለሁ።»

«ተይው እህቴ፣ ቀለድኩ እኮ! ባዶ ሳጥን ማን ይገዛል?»

«እኔ።» ግማሹን ዋጋ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። «ይያዙት እንጂ! ሰው ፊት አያዋርዱኝ።»

ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ያንኑ ሳጥን ይዘው ቆመው ነበር። ለእነሱም ከፈለች።

«አብደሻል እንዴ?» አለ የፊት ለፊቱ ባለሱቅ። «በሚቀጥለው ዓመት እኮ ሳጥኑም ቀርቶ ሁሉም በኢንተርኔት ይሆናል!»

«ያኔ ትነግረኛለህ።»

በጠራራ ፀሐይ የሱቋን መዝጊያ አወረደች። ገና የምትከፍላቸው ሃምሳ ሰባት ሰዎች ይቀራሉ። ነገስ ትከፍቻለሽ ወይ ልላት አፌን ሳላላቅቅ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ወረደች።