የአክስቴ የይታይሽ የጽዋ ተራ

አክስቴ ይታይሽ በዘመነ ደርግ በፎገራ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለጉብኝት ምሥራቅ ጀርመን ተላከች። እዚያ ሳለች በግራ ጡቷ ያደረባትን እብጠት ለአስተርጓሚዋ ነገረች። ሐኪሞቹ ካንሰር ነው አሉ። እብጠቱን ቆርጠው ካወጡ በኋላ ጡቷ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች ሰክተው፣ የተረፈውን በሽታ ከውስጥ ሆኖ እንዲገድል ጨረር ያለው ሽቦ አስገቡባቸው። አምስት ቀን ብቻዋን ተዘጋባት። አስታማሚዋ እንኳ ከእርሳስ መከለያ ጀርባ ቆማ ነበር ምግብ የምታቀብላት። በስድስተኛው ቀን ሽቦውም ቱቦውም ወጣና፣ «ከእንግዲህ ማንንም አትጎጂ፤ ልጅም ቢሆን እቀፊ» ብለው ሸኟት።

የዋህ ናትና ይህን ሁሉ ለጎረቤት አወራች።

በየወሩ በዐሥራ ስድስት ከቤት ቤት የሚዞረው የኪዳነ ምሕረት ጽዋ የሐምሌ ተራው የእሷ ነበር። የማኅበሩ መሪ ሸዋነሽ ግን በሰኔው ጽዋ ላይ፣ ተሰብስበን ሳለ፣ «ይለፋት! እሳት አዝላ የመጣች ሴት የጠመቀችውን ማን ይቀምሳል?» አለች። ይህች ሸዋነሽ ለዓይን ሕመም የባትሪ ድንጋይ ፈጭታ የምትቀባ የመንደራችን ሊቅ ነበረች።

ሁሉንም ማስደሰት የሚወዱት የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሥላሴ ደግሞ መላ አመጡ። «እንደ አራስ ትታይ። ቀኗን ቆጥራ፣ ጠበል ተረጭታ ተራዋን ታውጣ።»

«አባቴ ይፍቱኝ» አለች አክስቴ፣ «ለመሆኑ የወለድሁት ወንድ ነው ሴት? አርባ ልቁጠር ሰማንያ?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባ መስቀላቸውን ያገላብጡ ጀመር።

«አትቀልጂ ይታይሽ! ጡትሽ ውስጥ እሳት ነበር» አለች ሸዋነሽ።

«ነበር፤ እዚያው አወጡልኝ። ያንቺን ምላስ የሚያበርድ ሐኪም ግን እዚያም የለ፤ ጠይቄልሽ ነበር።»

ይህን ብላ ጽዋውን አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ሁሉም መጡ። ጠላ ተጠምቆ መቅረት እንዴት ይሆናል! ታዲያ እያንዳንዷ የራሷን ዋንጫ በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ነበር፤ ጠላው ሊቀዳ ሲል አወጣችው።

«የእኔ ዋንጫ የሚያስፈራት ካለች በሩ ክፍት ነው» አለች አክስቴ።

ሌሎቹ አቀርቅረው ዋንጫቸውን መልሰው ሸጎጡ። ሸዋነሽ ብቻ ተቆጥታ ወጣችና ከግራሩ ሥር ቆመች። የፎገራ ሐምሌ ለኩሩ ሰው አያዝንም፤ ዝናቡ ወረደባት። ውኃ እያንጠባጠበች ተመለሰች።

«ቅጂልኝ እስቲ።»

አክስቴ በገዛ ዋንጫዋ ሞልታ ሰጠቻት። ሸዋነሽ ጨለጠችው፤ ሁለቴ አስደገመች። ከዚያ አፏን ጠርጋ፣ «ጌሾ አንሶታል» አለች።