«የሰኔ ዝናብ አልጎደለም» ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

ቀራንዮ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ መኩሪያ ዝናቡ የሚጠራቀምበትን ቆርቆሮ፣ ውሃው የሚሰፈርበትን ባለመስመር ብርጭቆና መዝገቡን አሳዩኝ። «ሁልጊዜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ትለኪያለሽ። ጎንበስ ብለሽ ዓይንሽን ከውሃው እኩል አድርገሽ ታነቢያለሽ። በግምት ከጻፍሽ ግን እኔና አንቺ አንተዋወቅም» አሉኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፈራኋቸው።

በግምት ጽፌ አላውቅም። ጉድ የሠራኝ ልኬቱ ሳይሆን ማወዳደሩ ነው።

በሦስተኛው ክረምቴ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጠፋ። የቀራንዮ ገበሬዎች የዘሩት ገብስ ብቅ እንዳለ ደረቀ። ዝናቡ የመጣው በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ነው፤ ያኔ ደግሞ ዶፉን አወረደው። መሬቱ ረጠበ፣ ዘር ግን አልቋል። ገበሬዎቹ ከወረዳው የጤፍ ዘር ቢለምኑ «የሰኔ ዝናብ ከብዙ ዓመት አማካይ ማነሱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጡ» ተባሉ።

ደብዳቤውን ሊጠይቁ የመጡት ከጣቢያችን አጥር ሥር የሚያርሱት ሽማግሌ ኦቦ ቱሉ ናቸው። «ልጄ፣ ያየሽውን ጻፊልን፤ ሌላ አንፈልግም» አሉኝ።

የሰኔን ሠላሳ ቀን ደመርኩ። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ካዘጋጀው የአማካይ ሠንጠረዥ ላይ ስድስተኛውን ወር አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። እኩል ሆኑ። «አልጎደለም» ብዬ ጻፍኩ፣ አቶ መኩሪያ ፈረሙበት፣ ወረዳውም ዘሩን ከለከለ።

ኦቦ ቱሉ አልተቆጡም። የደረቀ የገብስ ቡቃያ ከነሥሩ በአጥሩ አቀበሉኝና «ይኼንንስ በምን ትለኪዋለሽ?» ብለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ገብቼ ሠንጠረዡን ከርዕሱ ጀምሬ አነበብኩት። የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የፈረንጁ ስድስተኛ ወር ግንቦት ሃያ አራት ጀምሮ ሰኔ ሃያ ሦስት ያልቃል። ያ ሁሉ ዶፍ የወረደው ከሃያ ሦስት በኋላ ነው። ቀኖቹን አስተካክዬ እንደገና ስደምር ዝናቡ የአማካዩን ግማሽ እንኳ አልሞላም። የማረሚያ ደብዳቤ ጽፌ አቶ መኩሪያ ፊት አስቀመጥኩት።

«የፈረምኩትን እኔው ልሻረው? የወረዳው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» ብለው አቶ መኩሪያ ጮኹብኝ።

«ስህተቱ የኔ ነው። እሱንም በስሜ ይጻፉት።»

«ልትባረሪ እንደምትችይ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። የጤፍ መዝሪያው ግን እያለፈ ነው።»

እየተሳደቡ ፈረሙ። ደብዳቤውን ራሴ በእግሬ አደረስኩ።

ወረዳው ዘሩን ለመስጠት ስምንት ቀን ፈጀ። በየቀኑ እየሄድኩ ጠየቅኩ፤ በየቀኑ «ነገ» አሉኝ። የተፈቀደ ዕለት ጭቃውን እየረገጥኩ ለኦቦ ቱሉ ልነግራቸው ሮጥኩ።

ደጃቸው ላይ አንድ በሬ ብቻ ታስሮ ነበር። ሌላውን ባለፈው ገበያ ሸጠው ዘር ገዝተውበታል። «ዘርስ ሞልቶኛል ልጄ» አሉኝ፤ «የሚያርስልኝ ነው ያጣሁት።»

እኔ ከሥራ አልተባረርኩም። ኦቦ ቱሉ ግን በዚያ ክረምት የመሬታቸው ግማሽ ጦሙን አደረ።

ዝናብን ከአማካይ ጋር የምታወዳድሩ ሁሉ፣ ከመደመራችሁ በፊት ሁለቱ ወሮች በየትኛው ቀን እንደሚጀምሩ እዩ። እኔ ያየሁት ከፈረምን በኋላ ነው።