የረቢያ ፍንጭት

ኢቲሳም ከጂዳ በተመለሰች ሰሞን ዘመድ አዝማዱ ሊጠይቃት ሲመጣ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈን አድርጋ ነበር የምትስመው። ሰዉ ዓይናፋርነት መሰለው። "ዐረብ አገር እንዲህ ጭምት አድርጎ ይመልሳል እንዴ?" ብለው የቀለዱም ነበሩ። እናቷ ረቢያ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አይታዋለች። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች የግራው ከወገቡ በታች የለም፤ የተሰበረውም በሰያፍ፣ በፍንጭቷ በኩል ነው።

"ደረጃ ላይ ወድቄ ነው፣ እማ" አለቻት።

ደረጃ አልነበረም። በሦስተኛው ዓመቷ አሠሪዋ የቀማቻትን ስልክ "ቤቴ ልደውልበት" ብላ ስትለማመጥ፣ ሴትዮዋ ውሰጂ ብላ ስልኩን አፏ ላይ ወረወረችው። ስልኩም ጥርሷም በአንድ ምት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምጿ ሐይቅ ከተማ፣ ቤተሰቦቿ ዘንድ አልደረሰም። ኒካህ ሊያስርላት ቃል የገባው የውጫሌው ዑበይዱላህ አንድ ዓመት ጠበቃት፤ ከዚያ የትምህርት ቤት ጓደኛዋን ሳጂዳን አገባ። ይህን ወንድሟ ሰዑድ የነገራት ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚያመጣቸው ሚኒባስ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው። እሷም ነገሩን እዚያው ተወችው።

ጥርሱን ግን ዝም ልትለው አልቻለችም። ሰፈሩ ከስሟ ይልቅ በፍንጭቷ ነበር የሚያውቃት። "የረቢያ ፍንጭት" ነበር የምትባለው፤ ቤቱ የጠፋበት እንግዳ እንኳ "የፍንጭቷ ልጅ ቤት" ተብሎ ይመራ ነበር። ስድስቱ ዓመት ከሄደ ይሂድ፣ ሰውየውም ከሄደ ይሂድ፤ ከአገሯ የወጣችውን ልጅ ቢያንስ በመስታወት ማየት ፈለገች።

ከእናቷ ጋር ደሴ ሄደው ዶክተር ማህደር የምትባል የጥርስ ሐኪም ዘንድ ገቡ። ሐኪሟ አይታ አይታ "ነርቩ አልተነካም፣ ዕድለኛ ነሽ" አለቻት። ኢቲሳም በዚህ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

"ምርጫሽ ሁለት ነው" አለች ሐኪሟ። "አንደኛው ዙሪያውን ሞርጄ ሽፋን ማልበስ ነው። ይቆያል፤ ግን የተሞረደ ጥርስ አይመለስም። ሁለተኛው የጎደለውን ብቻ በሙሌት መገንባት ነው። በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሻይና ቡና ሲበዛበት ግን ይደበዝዛል፣ ሊሸረፍም ይችላል። ያኔ ይታደሳል።"

"ወርቁስ?" አለች ረቢያ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር። "ወርቅ ቢሆን ሰው ባዶ እጇን መጣች አይልም።"

"ባዶ እጄን እኮ ነው የመጣሁት፣ እማ።"

ረቢያ ነጠላዋን አስተካከለች። ኢቲሳም ሙሌቱን መረጠች። ሐኪሟ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ የጥርስ ናሙናዎችን አንድ በአንድ ከንፈሯ ላይ እያስጠጋች ቀለሙን ለየች፤ "በጣም የነጣውን አትመኚ፣ ከጎረቤቱ ጋር መስማማት አለበት" አለቻት። ቀጥላም ወደ ፍንጭቱ ጎንበስ አለች።

"ይኼ ምን ያህል ነበር? ድዱ ጋ ይታየኛል። ወደ ታች እንዴት እየሰፋ እንደሚሄድ ግን የተሰበረው ጠርዝ ይዞት ሄዷል። ስትስቂ የተነሳሽውን ፎቶ አምጪልኝ።"

ቤት ገብተው ያለውን ሁሉ አራገፉ። የመታወቂያው፣ የፓስፖርቱ፣ የኤጀንሲው ፎቶ፣ ሁሉም አፍ የገጠመ ነው። የሳቀችባቸው ሁሉ ጂዳ በተሰበረው ስልክ ውስጥ ቀርተዋል።

"እኔ አውቀው የለ እንዴ፤ የጤፍ ቅንጣት ብታሾልክ ነው" አለች ረቢያ።

"ኧረ እማ፣ ስንዴ ነው" አለ ሰዑድ። "ሐይቁ ዳር ስንታጠብ በዚያች ቀዳዳ ውሃ እየረጨች የኔን ሸሚዝ አይደል የምታበሰብሰው?"

ሁለቱም ይወዷታል፤ ሁለቱም አያስታውሱትም። ያን ቀን ሰዑድ እጁን ሲያፍተለትል ቆይቶ "ፎቶሽ የሚገኘው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው" አላት።

በማግስቱ ብቻዋን ውጫሌ ሄደች። ዑበይዱላህ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፍቷል። ሲያያት የሚመዝነውን ሚስማር ሚዛኑ ላይ ትቶ ቆመ።

"አንች፣ መቼ መጣሽ?"

"ቆየሁ። ፎቶ ፈልጌ ነው፣ ጥርሴን ላሠራበት። ስስቅ የላክሁልህ ነበር።"

እሱ ወደ ጓዳው ዞረ። ሳጂዳ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። "እህቴዋ፣ በአላህ፣ በሕይወት አለሽ?" ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ያለቀሰችውም ከልቧ ነው። ቀና ብላ ፈገግ ስትል ግን ኢቲሳም ሻሿ ከአፏ መውረዱን እንኳ ልብ አላለችም። የሳጂዳ ጥርስ ድሮ ግጥም ያለ ነበር። አሁን መሐሉ ላይ ፍንጭት አለ፤ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ። የኢቲሳም የገዛ ፍንጭቷ ነው።

ዑበይዱላህ ከቆርቆሮዎቹ አንዱን አንሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ የጠየቀው ገዢ ግን አልነበረም።

"አሞረድሁት" አለች ሳጂዳ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አምና። ፎቶሽን ከስልኩ አውጥቼ ለሚሞርደው ሰውዬ 'ልክ እንዲህ' አልሁት። ሐራም እንደሆነ አልጠፋኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ስስቅ አያየኝም ነበር፣ ኢቱ። ምን ላርግ?"

"ፎቶውስ?"

"ሠርቶ ሲጨርስ አጠፋሁት።" አለችና፣ ደስ ልታሰኛት ፈልጋ፣ "አብሽሪ፣ ደሴ አብሬሽ ልሂድ። ከኔ ይለኩት። ትክክል ያንች ነው እኮ፣ ወላሂ" አለች።

"አሁንስ፣ ያይሻል?"

ሳጂዳ ወደ ደጁ ተመለከተች። "ቀዝቃዛ ውሃ ከጠጣሁ ዓመት አለፈኝ" አለች። "ይነዝረኛል፤ እስከ ዓይኔ ድረስ።" ከዚያ ለስላሳ ከፈተችላት። ለራሷ አልከፈተችም።

ኢቲሳም በሦስተኛው ቀን ዶክተር ማህደር ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ፎቶው ተገኘ?"

"አልተገኘም። ይድፈኑልኝ።"

"ምኑን?"

"ፍንጭቱን። ሁለቱን ጥርስ ያገናኙልኝ።"

ሐኪሟ ጓንቷን ግማሽ ድረስ አጥልቃ ቆመች። "ሰው ፍንጭት አውጪልኝ እያለ ያስቸግረኛል፣ አንቺ የአላህን ስጦታ ድፈኚ ትይኛለሽ? በግምት ልሠራው እችላለሁ እኮ።"

"በግምት ከሆነማ የኔ አይደለም።"

"እሺ። የቀኙ ጥርስሽ ደህና ስለሆነ አልሞርደውም፤ በጎኑ ትንሽ ሙሌት እለጥፋለሁ። ከጸጸተሽ ተመለሽ፣ አነሳዋለሁ።"

"ቢነሳስ ልኩን ከማን አመጣለሁ?" አለች ኢቲሳም፤ አፏንም ከፈተች።

ቤት ስትገባ ረቢያ ብርሃን ወዳለበት አስጠግታ አየቻት። "ማሻአላህ፣ ሸጋ ሆኗል" አለች፣ ለእንግዳ በሚባልበት ድምፅ። ሰዑድም ሸጋ ነው አለ፤ ስለ ሸሚዙ አላነሣም።

ኢቲሳም ጓሮ ወጥታ ከቧንቧው በእፍኟ ቀድታ ጉንጯን ሞላች፤ እንደ ልጅነቷ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋም ገፋችው። ውሃው የሚወጣበት አጥቶ በከንፈሯ ዳርና ዳር ተንጠባጠበ፤ አገጯንና የቀሚሷን ደረት አራሰው። ቀዝቃዛ ነበር፤ አልነዘራትም።